የእቴቴ ቀኝ ጆሮ

የእህቴን ግራ ጆሮ የሽመና ማሽን በላው። ቀኙንም ከግማሽ በላይ ቆርጥሞታል፤ ይህን ሁሉ ጠብ ያመጣችው የተረፈችው ቁራጭ ናት። ነገሩን እኔ ካልተናገርኩት ልጇ በሄደበት ሁሉ “እናቴ በስልሳ ሦስት ዓመቷ አበደች” እያለ ማውራቱን አይተውም። ስለዚህ ከእኔ ይሰማ። የእኔም ጆሮ ደህና አይደለም፤ ምላሴ ግን አልተነካም።

እቴቴ ነው የምላት፤ በአምስት ዓመት ትበልጠኛለች። እሷ ደግሞ ሀምሳ ዘጠኝ ዓመት የሞላኝን ሴትዮ እስከ ዛሬ “ሚጡ” ትለኛለች። ሁለታችንም በልጅነታችን ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ገብተን፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ጎን ለጎን ማሽን ላይ ቆመናል። በአንድ አዳራሽ ሁለት መቶ ማሽን ነበር። የመወርወሪያው ምት ከወለሉ በእግር ይገባና ጥርስ ላይ ይወጣል። እዚያ ውስጥ ሰው ጆሮ ላይ ተለጥፎ ቢጮህ አንዲት ቃል አይሰማም። ስለዚህ ማንም ሳያስተምረን የከንፈር ወሬ ለመድን። ድምፅ አይወጣም፤ አፍ ብቻ ከፈት ብሎ ፊት በሙሉ ይሠራል። ከአዳራሹ ማዶ የቆመች ሴት ከባሏ ጋር በምን እንደተጣላች ስትናገር ከዚህ ማዶ ሆነን ቃል በቃል እናነባታለን። “ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው” የሚሉት ተረት እኛ ክፍል አይሠራም ነበር። የታማች ሴት ሐሜቷን እዚያው እያየች እዚያው መልሱን ትሰጣለች። የማይገባው የፈረቃ አለቃችን ካቦው ብቻ ነበር፤ ፊት ለፊቱ ቆመን ስንሰድበው የምናዛጋ ይመስለው ነበር።

ይህ ልማድ ከፋብሪካው ተከትሎን ወጣ። ከፋብሪካው ከወጣን ከብዙ ዓመት በኋላ እቴቴን ጆሮ ሐኪም ዘንድ ወሰድናት። ወጣቱ ዶክተር “ምን ሆኑ፣ እናቴ?” ሲላት ሕመሟን ከሥር ከመሠረቱ ዘርዝራ ነገረችው። ድምፅ ማውጣቱን ግን ረስታዋለች። ዶክተሩ ደንግጦ አፏን አስከፈታትና ጉሮሮዋን በባትሪ ማየት ጀመረ። እኔ ከጎኗ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። “ያመመኝ ጆሮዬ! ጉሮሮዬ ምን አደረገህ!” ብላ ስትጮህበት ባትሪው ከእጁ ወደቀ።

ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። ምርመራው ሲያልቅ ዶክተሩ ቁጭ አድርጎ ነገረን። ግራው የለም። ቀኙ ሩብ ያህል ቀርቶታል። ከከባድ ድምፅ ከተጠበቀ ብዙ ዓመት ሊያገለግላት ይችላል፤ ካልተጠበቀ ግን በአንድ ቀንም ሊሄድ ይችላል። ልጇ አብሮን ነበር። እሱ ፋርማሲስት ነው፤ ነገር በሚሊግራም ካልተለካ አይዋጥለትም። ከዚያን ቀን ጀምሮ የቤቱን በር በቀስታ መዝጋት ጀመረ፤ የጁስ መፍጫውን ከወጥ ቤት አወጣ፤ ሚስቱ ስታስነጥስ እንኳ በዓይኑ ይገላምጣታል። ሚስቱ ያኔ የሰባት ወር እርጉዝ ነበረች።

እንግዲህ በዚህ መሀል ነው ሞረድ የመጣው። ሞረድ ዘፋኝ ነው። ስሙ ሌላ ነው፤ ነገር ግን ድምፁ ብረት ሲሞረድ ስለሚመስል ሰው ሁሉ እንዲያ ይለዋል። እኛ ወጣት በነበርንበት ጊዜ ሮክ የሚዘፍን ሰው ወይ እብድ ወይ ዱርዬ ነበር። እቴቴ ግን የመጀመሪያ ካሴቱን ከገዛች ጀምሮ ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። ቴፑ ክሩን ሲበላባት በእርሳስ እያጠነጠነች፣ ሲበጠስባት በጥፍር ቀለም እያጣበቀች ዓመታት አቆየችው። ማሽኗ ላይ ቆማም ትዘፍነዋለች፣ ባላት ጉልበት ሁሉ። ማን ይሰማታል? እኔ የሞረድን ዘፈኖች በሙሉ ያጠናሁት ከእህቴ ከንፈር ነው።

አንድ ቀን መብራት ጠፋ። ሁለት መቶ ማሽን በአንዴ ቀጥ ሲል አዳራሹ ውስጥ የቀረው ድምፅ አንድ ብቻ ነበር።

“በሩን ዝጉ ዝጉ፣ መስኮቱን ጠርቅሙ፣
በጣራ እመጣለሁ እናንተ ስትደክሙ!”

ካቦው ከወዲያ ማዶ “ማናት እሷ?” ብሎ ጮኸ። ሰማንያ ሴት አንድ ላይ ቀና ብለን ጣራ ጣራውን አየን። ማን እንደሆነች እስኪሞት ድረስ አላወቀም።

ሰውየውን በዓይኗ ግን አይታው አታውቅም። እሱ ሲመጣ እሷ ፈረቃ ላይ ትሆናለች፤ ወይ አራስ ናት፤ ወይ ባሏን ታስታምማለች። በኋላም ባሏን ቀበረች፤ ሞረድም ጠፋ። ሞቷል የሚል ወሬ ሁለት ጊዜ ሰምተናል፤ ሁለቱንም ጊዜ አልቅሳለታለች። እናም ባለፈው ዓመት አንድ ጠዋት ቤቴ ስትሮጥ መጣችና፣ በሩን ሳትዘጋ፣ ድምፅ ሳታወጣ፣ በከንፈሯ ብቻ “አልሞተም!” አለችኝ።

ከጎማ ጥገና ቤቱ ጀርባ መቶ ሰው የማይይዝ የድሮ መጋዘን አለ። ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት እዚያ ሊዘፍን ነበር፤ ሰባ አራት ዓመቱ ስለሆነ ማምሸት አይችልም አሉ።

ልጇ ሲሰማ ቤቱ ተናወጠ። ማለቴ፣ በሹክሹክታ ተናወጠ።

“እማዬ፣ ዶክተሩ ያለሽን አልሰማሽም እንዴ?”

“ሰምቻለሁ። ጆሮ ሳለኝ አይደል የነገረኝ?”

“አትቀልጂ። አንድ ቀን ይበቃል ብሏል። አንድ ቀን!”

“ለእኔም አንድ ቀን ይበቃኛል።”

ልጁ ክፉ ልጅ አይደለም። ወንበር ስቦ ፊት ለፊቷ ተቀመጠና እጇን ያዘ። “ሁለት ወር ነው የቀረን። ልጄ ሲወለድ ድምፁን እንድትሰሚልኝ ፈልጌ ነው። ‘አያቴ’ ሲልሽ እንድትሰሚው። ያቺን ጆሮ ለልጄ አስቀምጪልኝ፣ እማዬ።”

ይሄኛው ልቧን አገኘው። ፊቷን አውቀዋለሁ፤ አገኛት። እሷም ለሕፃኑ ድምፅ ትጓጓ ነበር፤ ማንም ሌላ እንዳይመስለው። እጇን ከእጁ ሳታወጣ መለሰችለት።

“ስማኝ፣ ልጄ። ግራውን ፋብሪካው ወሰደው፤ ማንም አልጠየቀኝም። የቀኙን እኩሌታ አንተን ሳስተምርበት ሄደ፤ እሱስ ደስ ብሎኝ ነው፣ አልቆጭም። ይቺን የቀረችውን ግን ማንም በስሙ አያስመዝግባት። የእኔ ናት። ሰላሳ አንድ ዓመት የማልወደውን ጩኸት ሰምቼባታለሁ። አንድ ቀን የምወደውን ጩኸት ልስማባት።”

ለመናት፣ ተቆጣት፣ ሚስቱን አስለመናት። ወይ ፍንክች! በመጨረሻ እሱ ተሸነፈና ከፋርማሲው ሁለት የጆሮ መድፈኛ አመጣ፤ ብርቱካንማ፣ እንደ ሰፍነግ የሚለመጥ። ለእሷ ሳይሆን ለእኔ ሰጠኝ።

“አክስቴ፣ ከጆሮዋ እንዳታወጣው የምትጠብቂያት አንቺ ነሽ። ማይልኝ።”

ማልኩለት። በቆመ ልጅ ፊት ቁጭ ብዬ፣ እጄን አንስቼ ማልኩ።

መጋዘኑ ጎማ ጎማ ይሸታል። ፕላስቲክ ወንበር ደርድረዋል፤ መድረኩ ከጉልበት ከፍ ያለ የጣውላ ርብራብ ነው። የመጣው ሰው ሁሉ የእኛው ዕድሜ ነው። አንዱ ሰውዬ የወጣትነቱን የቆዳ ጃኬት ለብሶ መጥቷል፤ ዚፑ ከተዘጋ ሃያ ዓመት ያለፈው ይመስለኛል። አንዷ ሴት ወገቧን በመቀነት ጠፍራ ከፊታችን ቆማ ቀድማ መወዛወዝ ጀምራለች፤ ሙዚቃው ገና አልተጀመረም። እቴቴ ከፊት ረድፍ ተቀመጠች። ብርቱካንማውን መድፈኛ በገዛ እጄ ሰክቼላት፣ እስኪያብጥ ድረስ በጣቴ ይዤ ቆየሁ።

ጊታር የሚመታው፣ ቤዝ የያዘውና ድራም ላይ የተቀመጠችው ሦስቱም ወጣቶች ናቸው። ሞረድ ከዘራ ይዞ ወጣ። መድረኩ መሀል ሲደርስ ከዘራውን ወርውሮ ጣለው። ሰው ጮኸ። ማይኩን እንደ ምርኩዝ ያዘውና ጀመረ።

እውነቱን ልናገር፤ ድምፁ አልቋል። ሞረዱ ራሱ ተሞርዷል። ከፍ የሚለው ቦታ ላይ ከፍ አይልም፤ ዝቅ የሚለው ቦታ ላይ ይጠፋል። ግን ሰውየው ስንጥቁን አይደብቅም፣ ይገባበታል። ድምፁ በተሰነጠቀ ቁጥር ጭራሽ አብዝቶ ይጮኻል። ሳላስበው እንባዬ መጣ።

ዞር ስል እቴቴ እያየችኝ ነው። “ምንም አይሰማኝም፣” አለችኝ በከንፈሯ። “ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኜ የሰው ሰርግ የምሰማ ይመስለኛል።” ከዚያ ብርቱካንማዎቹን አንድ በአንድ ነቀለችና መዳፌ ላይ አስቀመጠቻቸው። ጣቶቼንም አጥፋ ዘጋችብኝ።

“እቴቴ፣ ምያለሁ እኮ!”

“አንቺ ነሽ የማልሽው። እኔ መቼ ማልኩ?” አለችና ወደ መድረኩ ዞረች።

አራተኛው ዘፈን የበሩ ዘፈን ነበር። የመጀመሪያውን አዝማች ሲጀምር መጋዘኑ ሊፈርስ ደረሰ፤ ሁሉም ሰው ተነሳ። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ግን ሞረድ እጁን ወደ ጆሮው ሰደደ። ጆሮው ውስጥ ትንሽ መስሚያ አለች፤ እስከዚያ ድረስ አላየኋትም ነበር። ነካ ነካ አደረጋት፣ መታት፣ ነቅሎ አያትና መልሶ ሰካት። መዝፈኑን አቆመ። ወደ ጊታሪስቱ ዞረና ከማይኩ ራቅ ብሎ አንድ ነገር አለው። ወጣቱ የሚያበረታታው መስሎት ራሱን እየነቀነቀ አብዝቶ ይመታ ጀመር።

እኔና እቴቴ ግን አየነው። ያለው “ጠፋብኝ። ምንም አይሰማኝም። የት ደረስን?” ነው።

ሙዚቃው አንድ ቦታ ላይ መሽከርከር ጀመረ። ሰው መጀመሪያ አጨበጨበ፤ ቀጥሎ ያፏጭ ገባ። ከኋላዬ ባለ ጃኬቱ ሰውዬ “ጠጥቶ ነው፣ ሽማግሌው! ያውርዱት!” አለ። ዞር ብዬ “አንተ መጀመሪያ ዚፕህን ዝጋ!” አልኩት። ሌላ ምን ላድርግ? ሞረድ መሀል መድረክ ላይ ቆሞ በሰው ፊት ላይ ዓይኑን እያንከራተተ ነው። ፍርሃቱ ከፊቱ ላይ ይነበባል። ያን ያህል ዓመት ያንን ሁሉ ሕዝብ ሲያስጮህ የኖረ ሰው እንደዚያ ሲፈራ ማየት አንጀት ይበላል።

እቴቴ ከአጠገቤ የለችም። ወደ መድረኩ ጥግ ሄዳለች። የቆመችው ቁመቷን ከሚያህለው ስፒከር አጠገብ ነው፤ ቀኝ ጆሮዋ ወደ ስፒከሩ። መዳፏን ዘርግታ የመድረኩን ጣውላ መታችው። ፋብሪካ ውስጥ ጓደኛችንን ስንጠራ እንዲህ ነበር የምናደርገው፤ ወለሉን መምታት፣ በእግሯ እንድትሰማን። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፤ ልክ በድራሙ ምት። ሞረድ ወደ ጫማው አየ። ከዚያ ወደ እሷ አየ።

“‘ስሜን ከግድግዳ’ ላይ ነህ፣” አለችው በከንፈሯ። አንተ ነው ያለችው፤ በከንፈር ወሬ አንቱታ የለም፣ ማሽን ላይ ማን ጊዜ አለው? “ስሜን ከግድግዳ። በል!”

ገባው! እንዴት እንደገባው ያኔ አላወቅሁም። ማይኩን አፉ ላይ አደረገና ከአፏ እየቀበለ ለቀቀው፦

“ስሜን ከግድግዳ ፍቃችሁ ብትጥሉ፣
ጥፍራችሁ ውስጥ ነኝ እናንተው ስትበሉ!”

እሷ በመዳፏ ጣውላውን እየመታች ቃሉን ትሰጠዋለች፤ እሱ ተቀብሎ ይጮኸዋል። ሰው አበደ። ባለ ጃኬቱም አበደ። የድራሟ ልጅ ነገሩ ገብቷት ዓይኗን ከእቴቴ እጅ ላይ ሳታነሳ ትከተላለች። በሁለት ስንኝ መሀል ሞረድ ጎንበስ ብሎ በከንፈሩ “ድምፄ አለ?” ብሎ ጠየቃት። እቴቴ መዋሸት አይሆንላትም። “ተሰነጣጥቋል። ግን አለ። ቀጥል!” አለችው። ሳቀ። ቀጠለ።

እኔ ወንበሬ ጋ ቆሜ መድፈኛዎቹን በጭብጤ ይዣለሁ። አምስት እርምጃ ብራመድ እደርሳለሁ። ክንዷን ይዤ ከዚያ ስፒከር ላርቃት፣ ቢያንስ ጆሮዋን በእጄ ልሸፍንላት እችል ነበር። መሐላዬ ትዝ ብሎኛል፤ የልጁ ልመና ትዝ ብሎኛል። ግን ሠላሳ አንድ ዓመት አጠገቧ ስቆም እንደዚያ ያለ ፊት አይቼባት አላውቅም። እንደ ፍጥርጥሩ ብዬ ተውኩት። ዛሬም ቢሆን እተወዋለሁ።

ሦስት ዘፈን እንዲያ ዘፈኑ። ሲያልቅ ሞረድ በመድረኩ ጠርዝ ላይ እግሩን አንጠልጥሎ ተቀመጠ፤ ለመውረድ ጉልበቱ እምቢ ብሎታል። እኔም ከዘራውን ከወደቀበት አንስቼ ቀረብኩ። ሁለቱ ድምፅ በሌለው አፍ ያወራሉ፤ ጊታሪስቱ አፉን ከፍቶ ያያቸዋል። ስምንት ዓመት ሆኖታል፣ ሞረድ ጆሮው ከሄደ፤ ያለዚያች መስሚያ ምንም አይሰማም። ሥራ እንዳይከለክሉት ለማንም አልተናገረም። ከመስተዋት ፊት ቆሞ፣ ቴሌቪዥን ድምፁን አጥፍቶ እያየ፣ ለብቻው ነው የከንፈር ንባብ የተማረው።

“አንቺስ፣ የትኛው ነው የቀረሽ?” አላት።

እቴቴ ቀኝ ጆሮዋን ነካች። ነካችና ጣቶቿን ከጆሮዋ አጠገብ አፋተገቻቸው። እንደገና አፋተገቻቸው። “እሷም አሁን የሄደች ይመስለኛል፣” አለች።

የሰውየው ፊት ተለወጠ። “ለእኔ ስትይ?”

“ለአንተ?” አለችው ዓይኗን አፍጥጣ። “ለራሴ ነው እንጂ! ሰው ጆሮውን ለዘፋኝ ይሰጣል እንዴ?”

ጩኸቱ ሦስት ቀን ጆሮዋ ውስጥ ቆየ፤ ከዚያ ጩኸቱም ሄደ። ማክሰኞ ሐኪም ቤት ገባን። መስተዋት ክፍል ውስጥ አስቀምጠው ማዳመጫ አደረጉላትና፣ ድምፅ በሰማሽ ቁጥር ይህን ተጫኚ አሏት። እኔና ልጇ ከውጭ ሆነን ጣቷን እናያለን። ከዚያ በፊት በነበረው ምርመራ ሃያ ጊዜ ያህል ተጭና ነበር። አሁን ሁለት ጊዜ ተጫነች። ልጁ ወደ እኔ ዞሮ “አክስቴ፣ ምለሽልኝ ነበር፣” አለኝ። “ምዬልህ ነበር። ዋሸሁህ፣” አልኩት። መጸዳጃ ቤት ገብቼ ውሃውን ከፍቼ አለቀስኩ፤ ውሃ የከፈትኩት ማን እንዳይሰማኝ እንደሆነ እኔም አላውቅም።

ቤት ስንደርስ እቴቴ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጣ ለሕፃኑ የገዛችውን ክር ማጠንጠን ጀመረች። ልጇ ከኋላዋ ወዲያ ወዲህ እያለ ይናገራል። መጀመሪያ በቀስታ፤ ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ፤ ከዚያ በዚያ ቤት ከመጀመሪያው ምርመራ ወዲህ ያልተሰማ ጩኸት ጮኸ። “አንቺ እኮ ለራስሽ ብቻ ነው የምታስቢው! ልጄ ሲጠራሽ ምን ልትሆኚ ነው? እማዬ! እያናገርኩሽ ነው እኮ! እማዬ!”

እሷ ክሯን ታጠነጥናለች። እኔ ጠረጴዛውን መታ አደረግሁና ከኋላዋ የሚለውን በከንፈሬ ነገርኳት፤ አንዲት ቃል ሳላስቀር። ክሩን አስቀመጠች። ሳትዞር፣ በድምፅ፣ የራሷን ድምፅ መጠን የማያውቅ ሰው እንደሚናገረው በጣም ጮክ ብላ መለሰች።

“ዕድሜዬን ሙሉ ከኋላዬ ሆናችሁ ስትጠሩኝ ኖራችኋል። ካቦው ከኋላዬ፣ አባትህ ከኋላዬ፣ አንተም ከኋላዬ። የያዝኩትን ጥዬ የምዞረው እኔ ነበርኩ። አሁን አበቃ። አልዞርም። ከዚህ በኋላ የፈለገኝ ሰው ዞሮ ይምጣና ፊቴ ላይ ይቁም። ልጅህም እንደዚያው፤ ፊቴ ላይ ቆሞ ይጥራኝ፣ አያቱን አይቶ ያድጋል።”

ልጁ ቆመ። ከዚያ ጠረጴዛውን ዞሮ መጣ፤ ወንበር ስቦ ጉልበቱ ጉልበቷን እስኪነካ ተጠጋና ተቀመጠ። ዓይኑ ቀልቷል። አፉን ከፈተ፤ ድምፅ አላወጣም። የፋብሪካ ልጅ ነውና ከልጅነቱ ጥቂት ጥቂት ለምዷል፤ ግን በጣም መጥፎ ነው፣ ከንፈሩን አያላቅቅም።

“በጣም ተናድጄብሻለሁ፣” አላት።

እቴቴ ፊቱን በሁለት እጇ ያዘችው።

“ተናደድ፣” አለችው። “ግን አፍህን ከፈት አድርግ። እያጉረመረምክብኝ ነው።”